የአጥንት መቁረጫዎችን በበሬ ጎድን ላይ ማወዳደር፦ ለአፍ ቀዶ ሐኪሞችና ተማሪዎች

ባለፈው ሳምንት ከቀዶ ክፍል ስንወጣ አንዲት ተማሪ ጠየቀችኝ። «ዶክተር፣ አጥንት ለመቁረጥ የትኛው ይሻላል? ቡሩ፣ ፒዬዞው ወይስ መሮው?»

«የየትኛው አጥንት? ከጀርባውስ ምን አለ?» አልኳት።

ዝም አለች። እኔም በእሷ ዕድሜ ዝም ነበር የምለው። መልሱን በቃል ከማጥናት ሦስቱንም በአንድ አጥንት ላይ ጎን ለጎን መሞከር ይሻላል ብዬ ለቅዳሜ ቀጠርኳት። ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። ለዚህ ልምምድ ግን ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ሁለት የበሬ ጎድን፣ ጥቂት ጥሬ እንቁላል፣ ሞርሳ፣ ሳላይን (ለሕክምና የሚሆን የጨው ውሃ) እና ግማሽ ቀን ይበቃል። የሠራነውን በቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ።

ጽሑፉ ለጥርስ ሐኪሞችና ለተማሪዎች ነው። ሌላ ሰው ቢያነበውም አይከፋም። ለመንጋጋ ቀዶ ቀጠሮ የያዘ ሰው ሐኪሙን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያገኝበታል። ቤት ውስጥ ግን ማንም ማንም ላይ አይሞክረው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላንሳ። አጥንት የሚቆርጠውን ተሽከርካሪ ስለት እኛ በአፋችን «በር» ነው የምንለው። የቤት በር እንዳይመስላችሁ እዚህ ላይ «ቡር» እያልኩ እጽፈዋለሁ።

1. መሣሪያዎቹን አሰልፉ

መሮና መዶሻ ከሁሉም ይቀድማሉ። መብራት አይፈልጉም። መለዋወጫ አይፈልጉም። የመሮው ስለት ግን ሁለት ዓይነት ነው። በአንድ ጎኑ ብቻ የተሞረደው አጥንት ይቆርጣል። በሁለቱም ጎን የተሞረደው ይሰነጥቃል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ሊቆርጥ አስቦ ይሰነጥቃል።

ቡር ሃንድፒስ በሚባለው የእጅ ማሽከርከሪያ ላይ ገብቶ የሚሽከረከር ትንሽ ስለት ነው። ለአጥንት ቀጥ ያለውን የቀዶ ሃንድፒስ ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር እንጠቀማለን። በደቂቃ እስከ 40,000 ዙር ይሄዳል። ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ካርባይድ ቡር ይገባል። አንዱ ክቡ 8 ቁጥር ነው፤ ውፍረቱ 2.3 ሚሊሜትር። ሌላው ቀጭኑ 702 ነው፤ ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር።

ፒዬዞ አይሽከረከርም፤ ይንቀጠቀጣል። ነገሩ ከፈረንሳዮቹ ወንድማማቾች ከፒዬርና ከዣክ ኩሪ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚሰጡ አገኙ። የተገላቢጦሹም ይሠራል። ኤሌክትሪክ ስትሰጡት ክሪስታሉ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል። ጣሊያናዊው ቶማዞ ቬርቼሎቲ በ1990ዎቹ መጨረሻ ይህንን ለአፍ ቀዶ ሕክምና አዋለው። የመሣሪያው ጫፍ በሰከንድ ከ25,000 እስከ 30,000 ጊዜ ገደማ ወዲያና ወዲህ ይላል። የሚሄደው ርቀት ግን ከ60 እስከ 200 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ብቻ ነው። ጠንካራ ነገር በዚህ ንቅናቄ ይቆረጣል። ለስላሳው ሥጋ አብሮ ስለሚወዛወዝ ያመልጣል። እሱን ለመቁረጥ ከ50,000 በላይ ያስፈልጋል።

መጋዝ አለ፣ ሌዘርም አለ። መጋዙ መንጋጋን ቆርጦ ቦታውን ለሚያስተካክለው ትልቅ ቀዶ ነው። ኤርቢየም የሚባለው ሌዘር አጥንቱን ሳይነካ ይቆርጣል። ነገር ግን እጃችሁ ምን ያህል ጥልቀት እንደገባ አይነግራችሁም። ለዛሬ ሁለቱንም ተዉአቸው። ሮንጀርን ግን አትርሱ፤ ያቺ አጥንት የምትቀነጥብ ፒንሳ ናት። ከአጥንት ሞረዱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጧት።

2. አጥንቱን ግዙ

የበሬ ጎድን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ውጩ ጠንካራ ቅርፊት፣ ውስጡ ስፖንጅ የመሰለ ነው። የታችኛው መንጋጋችንም እንደዚያው ነው። አገኛለሁ ካላችሁ የበግ መንጋጋም ጥሩ ነው። ውስጡ ነርቭ የሚሄድበት ቦይ ስላለው ኋላ ላይ ይጠቅማችኋል።

ልኳንዳ ቤት ሄጄ «ጋሼ፣ ሥጋውን ሳይሆን ጎድኑን ነው የምፈልገው» አልኳቸው።

«ለውሻ ነው?»

«አይ፣ ለትምህርት ነው።»

«ውሻው ሊማር?»

እስከ አሁን ባለፍኩ ቁጥር ያነሱብኛል።

ጾም ሲገባ ልኳንዳው ይዘጋል። ሁዳዴን የሚያህል ጾም መጥቶ ልምምዱ እንዳይቀርባችሁ በቅበላ ሰሞን ገዝታችሁ አስቀምጡ። አቀማመጡ ቀላል ነው። ሥጋውን ጥረጉ። ጎድኑን በሳላይን በራሰ ጎዝ ጠቅልሉ። በላስቲክ አስራችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ከልምምዱ በፊት ባለው ሌሊት ወደ ፍሪጅ አውርዱት፤ በረዶው ቀስ ብሎ ይለቃል።

አትቀቅሉት። የተቀቀለ አጥንት ጠባዩ ይለወጣል። ሜዳ ላይ ያገኛችሁት የደረቀ አጥንትም አይሆንም። ሲሰነጠቅ የሚሰጣችሁ ስሜት የሕያው አጥንት ስሜት አይደለም።

3. አስራችሁ መስመር አስምሩ

ጎድኑን በሞርሳ አጥብቃችሁ እሰሩ። የሞርሳው ጥርስ እንዳይሰብረው መሀል ላይ ጨርቅ አድርጉ። ላዩ ላይ ያለውን ስስ ሽፋን በፔርዮስቲያል ኤለቬተር (የአጥንት ሽፋን መግፈፊያ) ግፈፉ። አፍ ውስጥም የምትሠሩት ይኸንኑ ነውና እጃችሁ ይለመደው።

ከዚያ በእርሳስ 2 ሳንቲሜትር የሚረዝሙ መስመሮች አስምሩ። በመስመሮቹ መሀል አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ክፍተት ይኑር። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሦስት መስመር ስጡ። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይበላሻል፤ እሱን ይዞ መፍረድ ግፍ ነው። መቁረጡ የሚያበቃው ቅርፊቱ አልቆ ቀዩ መቅኒ ብቅ ሲል ነው።

አሁን ሙቀት መለኪያ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ዲጂታል ቴስተር አንዳንዱ የሙቀት ሽቦ አለው። ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ወዳጅ ካላችሁ ለቅዳሜ ያውሳችኋል። ከመስመሩ 1 ሚሊሜትር ራቅ ብላችሁ ቀዳዳ ብሱ። 2 ሚሊሜትር ያህል ይግባ። የሽቦውን ጫፍ ክተቱና ሳላይኑ እንዳይገባበት በሰም ድፈኑት። ሰሙ ከጥርስ ቤት አይጠፋም።

ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ? አጥንት ሙቀት አይወድም። እ.ኤ.አ. በ1983 ተመራማሪዎቹ ኤሪክሰንና አልብሬክትሰን በጥንቸል አጥንት ላይ ያሳዩት ቁጥር እስከ ዛሬ መመሪያችን ነው። 47 ዲግሪ ለአንድ ደቂቃ ከቆየ አጥንቱ ይጎዳል። ሰውነታችን 37 ላይ ነው። የተፈቀደልን 10 ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጎድኑ የሚይዘው የሰውነትን ሳይሆን የክፍሉን ሙቀት ነው። 20 ዲግሪ ነው እንበል። ቴስተሩ 31 ሲል «ገና ነው» ትላላችሁ። ገና አይደለም። ከ20 ተነስቶ 31 ደርሷል፤ 11 ዲግሪ ጨምሯል። ያው ነገር መንጋጋ ውስጥ ቢሆን 48 ነበር። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ የሚጻፈው የጨመረው ነው፤ የታየው አይደለም።

4. በቡር ጀምሩ

ሃንድፒሱን እንደ እርሳስ ያዙ። የቀለበት ጣታችሁን አጥንቱ ላይ አሳርፉ። ቡሩ መሽከርከር ከጀመረ በኋላ አጥንቱን ይንካ፤ ሳይቆምም ይነሳ። እያመላለሳችሁ ጥረጉ እንጂ አትውጉ።

ረዳታችሁ በ20 ሚሊ መርፌ ሳላይን ያፈሳል። የሚወድቀው ልክ ቡሩ አጥንቱን በሚነካበት ነጥብ ላይ መሆን አለበት። ከዚያ ወጣ ካለ ጉንጭ ማጠብ ነው። ሳላይኑ የጸዳ ይሁን። ጎድን ላይ ለውጥ የለውም፤ ልማዱ ግን ከዚህ ይጀምራል። የጥርስ ወንበሩ ቱቦ ውሃ ለአጥንት ቀዶ አይሆንም።

ሦስቱን መስመሮች በሦስት መንገድ ቁረጡ። የመጀመሪያውን በሳላይንና በቀላል እጅ። ሁለተኛውን በሳላይን፣ ግን ጫን ብላችሁ። ሦስተኛውን ያለ ሳላይን። ይኼኛው ጎድን ላይ ብቻ ነው፤ ሰው ላይ መቼም አይደረግም።

ሦስተኛው ላይ ተማሪዋ አምስት ሰከንድ እንኳ ሳትቆይ እጇን አነሳች። ክፍሉ ቀንድ የተቃጠለበት ይመስል ሸተተ። የአጥንቱ ዱቄት መጀመሪያ ነጭ ነበር፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ የመስመሩ ጠርዝ የተጠበሰ ቡና ቀለም ያዘ። ቴስተሩን ማየት እንኳ አላስፈለገም። «ይሄ ሰው አፍ ውስጥ ቢሆን…» ብላ አልጨረሰችውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሁለተኛው መስመር ነው። ሳላይን አለ፣ ሽታ የለም፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ቴስተሩ ግን ይወጣል። እጅ ሲጫን ቡሩ አጥንቱ ውስጥ ይቀበራል፣ ሳላይኑም ታች አይደርስም። በቡሩ ስለቶች መሀል ያለው ቦይ በአጥንት ዱቄት ይደፈናል። የተደፈነ ቡር አይቆርጥም፤ ይፈትጋል። ቅርፊቱ ካላለቀላችሁ አትጫኑ። አንሱ፣ ቡሩን እጠቡ፣ እንደገና ግቡ።

ጊዜ ካላችሁ አራተኛ መስመር ጨምሩ። ብዙ የሠራ አሮጌ ቡር ከመሳቢያ አውጡና በቀላል እጅ ቁረጡ። እጃችሁ ሳታስቡት ሲጫን ታገኙታላችሁ። በቡር ዋጋ የሚቆጥብ ክሊኒክ የሚቆጥበው በሰው አጥንት ነው።

5. ተርባይኑን ለምን አላካተትኩም?

«ወንበሩ ላይ ያለው በአየር የሚነዳው ማሽከርከሪያ፣ ተርባይኑ፣ በደቂቃ ከ300,000 ዙር በላይ ይሄድ የለ? ለምን በእሱ አንጨርስም?» የሚል አይጠፋም። ፈጣን ነው፤ ትክክል። ችግሩ አየሩ ነው። ተራው ተርባይን የሚነዳበትን አየር በጭንቅላቱ በኩል ወደ ፊት ይተነፍሳል። ድዱ ተገልጦ ሳለ ያ አየር በሥጋና በአጥንት መሀል ይገባል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እንዲህ የሆነ ሰው ደርሶኛል። ሌላ ቦታ ጥርስ ሲነቀል ነው የሆነው። ግማሽ ፊቱ አብጦ ዓይኑ ተከድኗል። አለርጂ ነው ተብሎ መድኃኒት ወስዷል። ጉንጩን በጣቴ ጫን ስለው ከቆዳው ሥር ደረቅ ቅጠል እንደመርገጥ ተንኮሻኮሸ። አየር ነው። አስተኝተን እየተከታተልን በቀናት ውስጥ ጎደለለት። ወደ አንገትና ወደ ደረት ቢወርድ ግን ሌላ ታሪክ ነበር።

አየሩን ወደ ኋላ የሚያስወጣ፣ ጭንቅላቱ 45 ዲግሪ የዞረ የቀዶ ተርባይን አለ። እሱ ካላችሁ ከጸዳ ሳላይን ጋር ተጠቀሙበት። ከሌላችሁ ተራውን ለሙሌት ሥራ ተዉት።

6. ፒዬዞ፣ መጀመሪያ በጎድን፣ ቀጥሎ በእንቁላል

መጋዝ የሚመስለውን ጫፍ ግጠሙ። በቁልፉ ጥብቅ አድርጉት፤ ከላላ ይጮኻል እንጂ አይቆርጥም። የሳላይን ፓምፑን ክፈቱ። በደቂቃ 50 ሚሊ ቢፈስ አንድ ሊትር ሳላይን 20 ደቂቃ ያቆያችኋል። ሥራ ሳይጀመር ከረጢቱን ማየት ልማድ ይሁን።

አሁን እጃችሁ ከቡር ያመጣውን ልማድ መርሳት አለበት። ፒዬዞን ስትጫኑት ንቅናቄው ይታፈናል። መቁረጡ ይቆማል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። ለማመን ካስቸገራችሁ አንዱን መስመር ተጭናችሁ ሞክሩና ቴስተሩን እዩ። ትክክለኛው እጅ ላባ የያዘ እጅ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል።

ልዩነቱ መስመሩ ላይ ይታያል። የ702 ቡር መንገድ ቢያንስ 1.6 ሚሊሜትር ይሰፋል። የፒዬዞው ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ጠርዙ የተሳለ፣ ወለሉ ንጹሕ ነው። በሰዓት ግን ቡሩ ያሸንፋል። ወፍራም ቅርፊት ላይ ፒዬዞ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ተማሪዋ ሦስተኛው መስመር ላይ «ዶክተር፣ ቡና አፍልተን ብንመለስስ?» አለችኝ።

ቀጥሎ እንቁላሉ። ጥሬ እንቁላል በሊጥ ወይም በሸክላ ጭቃ ላይ አስቀምጡ። ከቅርፊቱ ላይ የጥፍር ስፋት ያለው መስኮት በእርሳስ ሳሉ። ሥራው ቅርፊቱን አንስቶ ከሥሩ ያለውን ስስ ሽፋን ሳይቀዱ መተው ነው። መጀመሪያ በካርባይድ ቡር። ቅርፊቱ ሲያልቅ እጅ አያውቅም፤ ስለቱ ሽፋኑን ይዞት ይሄዳል፣ እንቁላሉም ሱሪ ላይ ይደፋል። ቀጥሎ በዳይመንድ ክብ ቡር። እጁ የቀለለ ሰው ይወጣዋል። በመጨረሻ በፒዬዞ፣ ዳይመንድ በተቀባው ጫፍ። ሽፋኑ ከሥሩ ሲርገበገብ ይታያችኋል፣ አይቀደድም።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የላይኛው መንጋጋ ኋላ ጥርሶች በላይ ሳይነስ የሚባል ባዶ ክፍል አለ። በእንቁላል ሽፋን በሚመስል ስስ ነገር የተለበጠ ነው። ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ለመትከል ያንን ሽፋን ማንሳት ሲያስፈልግ አጥንቱ የሚከፈተው እንደዚሁ ነው።

ፒዬዞን ለመግዛት ለምታስቡ አንድ ምሬት ላካፍል። የመጀመሪያው የገዛነው ሲመጣ ሳጥኑ ያምር ነበር፤ ጫፎቹ ግን ጥቂት ነበሩ። ጫፍ ያልቃል፣ ይሰበራል። ሻጩን ስንደውልለት «ይመጣል» አለ። ወራት አለፉ። ማሽኑ በቲሸርት ተሸፍኖ ተቀመጠ። ከመግዛታችሁ በፊት የጫፉን ዋጋና አዲስ አበባ ያለ መጠባበቂያ መኖሩን ጠይቁ። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ልቡ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት አስተካካይ መሣሪያ) ያለው ታካሚ ከመጣ የአምራቹን መመሪያ ሳታዩና የልብ ሐኪሙን ሳታማክሩ ፒዬዞ አታብሩ።

7. መሮና መዶሻ

ወጣቶቹ ይንቁታል። እኔ አልንቀውም። መብራት ቀዶ መሀል ላይ ሲጠፋና ጀነሬተሩ እስኪነሳ ሲንገታገት መሮ ነው ከጎናችሁ የሚቆመው።

አንድ ጎኑ የተሞረደውን ያዙ። የተሞረደው ፊት ሊነሳ ወደታሰበው አጥንት ይዙር። መጀመሪያ መስመሩ የሚያበቃበት ቦታ ላይ 5 ሚሊሜትር ያህል ቀጥ ያለ ማቆሚያ ቁረጡ። ይህ ካልተደረገ ስንጥቁ እናንተ ባሰባችሁበት ሳይሆን አጥንቱ በፈቀደው ይሄዳል። ግንድ የፈለጠ ሰው ይገባዋል። ከዚያ መሮውን 45 ዲግሪ ገደማ አጋድሙና ምቱ። መዶሻው ከእጅ አንጓ ይውረድ፤ ከትከሻ አይደለም። ሁለት አጫጭር ምት፣ ከዚያ ማየት።

ጎድኑ ላይ አንዱን መስመር ሆን ብላችሁ ያለ ማቆሚያ ቁረጡ። ስንጥቁ የት ድረስ እንደሚሸሽ በዓይናችሁ ካያችሁ ሁለተኛ አትረሱትም።

ሙቀት የለም፣ ዱቄት የለም፣ ሰዓቱም አጭር ነው። ታካሚው ግን ነቅቶ ካለ ምቱ ራስ ቅሉ ውስጥ ነው የሚሰማው። ለዚህ ነው መሮ ሙሉ ማደንዘዣ ላለው ሰው የሚመቸው። የታችኛው መንጋጋ ከሥር በእጅ ካልተደገፈ ደግሞ መገጣጠሚያውን ያሳምማል፣ መንጋጋውም ሊሰበር ይችላል።

8. ደብተሩ ላይ ምን ይጻፍ?

ለእያንዳንዱ መስመር የፈጀውን ሰዓት፣ የጨመረውን ሙቀት፣ የተቆረጠውን ስፋት፣ ያዳለጣችሁን ጊዜ ቁጠሩ። አምስተኛ ነገር አለ፤ ሰው አይጽፈውም። እጃችሁ ደክሟል ወይ? የደከመ እጅ ይጫናል። ሥራው ላይ ሁለት ሰው ካለ ተቀያየሩና እንደገና ለኩ። የእኔና የተማሪዋ ቁጥር በቡር ላይ ተራርቆ በፒዬዞ ላይ ተቀራረበ። የሌላ ሰው ሠንጠረዥ የእናንተን እጅ አይለካም፤ የራሳችሁን ሥሩ።

9. ከጎድን ወደ አፍ

የታችኛው መንጋጋ የመጨረሻ ጥርስ፣ ዊዝደም የምንለው፣ ተጋድሞ ከተቀበረ የጉንጩን በኩል አጥንት በክብ ቡር ክፈቱ። ከዚያ ጥርሱን በ702 ለሁለት ክፈሉት። እንደ እኔ ከሆነ ከአጥንቱ ይልቅ ጥርሱን መቁረጥ ይሻላል። ጥርሱ የሚጣል ነው፤ አጥንቱ የታካሚው ነው። ፒዬዞ ጥርስ ለመክፈል ሰነፍ ስለሆነ ቡሩን ከጠረጴዛው አታንሱ።

ሥሩ ወደ ነርቩ ቦይ ከተጠጋ ነገሩ ይለወጣል። ያ ነርቭ የታችኛውን ከንፈርና አገጭ ስሜት ይሰጣል። ዋናውን አጥንት በቡር አንሱ፣ የመጨረሻዋን ስስ ግድግዳ በፒዬዞ። የፒዬዞ ጫፍ ነርቭ አይቆርጥም ማለት ግን ነርቭ አይጎዳም ማለት አይደለም። ተጭናችሁ ከያዛችሁት ያቃጥላል። በምላስ በኩል ያለውን ነርቭም አትርሱ። አንዳንድ ሰው ላይ ይህ ነርቭ እስከ አጥንቱ ጫፍ ድረስ ይወጣል። በዚያ በኩል መከለያ ሳይገባ ቡር አይሂድ።

የላይኛው ዊዝደም ብዙ ጊዜ ማሽን አይፈልግም። አጥንቱ ስስ ነው፤ በእጅ በተያዘ መሮ ወይም በኤለቬተር ይነሳል። ለሰው ሠራሽ ጥርስ ሳህን ድድ ሲስተካከል ሮንጀሯና ሞረዱ ይበቃሉ። ላንቃ ወይም ምላስ ሥር ያበጠ አጥንት ሲነሳ ቡር ቦይ ያወጣል፣ መሮ ይገነጥላል።

10. ማጽዳት፣ በጎንደር ከፍታ

ሥራው ካለቀ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው ለሲስተር ትቶ ይወጣል። እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም እንድትሉ እፈልጋለሁ።

ደሙ ሳይደርቅ እጠቡ። የቡሩን ቦይ በብሩሽ ፈትጉ። ሃንድፒሱን ዘይት አጠጥታችሁ ለጥቂት ሰከንድ አሽከርክሩት። ከዚያ ጠቅልላችሁ በእንፋሎት ወደሚያመክነው ማሽን፣ ወደ አውቶክሌቭ።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። መሣሪያ መቀቀል የትም ቢሆን ማምከን አይደለም፤ እዚህ ደግሞ ይባሱኑ አይደለም። ጉዳዩ ግን በዚህ አያበቃም። ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) አይታችሁ የምትሠሩበት አሮጌ አውቶክሌቭ ካላችሁ «15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ሲደርስ 121 ዲግሪ ነው» ብለው አስተምረዋችኋል። ያ ለባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፤ የእኛ የውጭ አየር ደግሞ ሳሳ ያለ ነው። ጎንደር ላይ በ15 ፒኤስአይ የምታገኙት 117 ዲግሪ ገደማ ነው። በየ1,000 ጫማ ከፍታ ግማሽ ፒኤስአይ ጨምሩ። ለኛ ከተማ ሦስት ተኩል ያህል ይመጣል፤ ጌጁ 18.5 ላይ ይሁን። ከመጨመራችሁ በፊት ዕቃው ያንን ግፊት የሚችል መሆኑን መመሪያው ላይ እዩ። ካልቻለ ግፊቱን ትታችሁ ሰዓቱን አርዝሙ፤ ምን ያህል የሚለውን ባዮሎጂካል መፈተሻ (ሕያው ጀርም የያዘው) ይንገራችሁ። ሙቀቱን ራሱ እየለካ የሚሠራ ዘመናዊ አውቶክሌቭ ከሆነ ይህ ጣጣ የለባችሁም።

በየጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ቀለም ቀያሪ ፕላስተር ሙቀት እንደነካው ይናገራል እንጂ እንደመከነ አይመሰክርም። ለእሱ መፈተሻው አለ።

ሲጨርሱ ጎድኑ ይቀራል። ተማሪዋ በር ላይ ለተኛው ውሻ ልትወረውርለት ስትል እጇን ያዝኳት። ከአሮጌው ቡር የተሰበረ የካርባይድ ስባሪ ሊኖርበት ይችላል። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከስለታም ቆሻሻ ጋር አስወግዱት። ውሻው ጅራቱን እየወዘወዘ እስከ አጥሩ ተከተለን።